ኳስ ተጫዋቿ ስትወልድ



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማ ከተማ፣ በበቾ ቦሬና በአካባቢው ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሰቃና በሊሙ ባሉት የቡና ከተሞች ሴቶች ልጆች ለእናቶቻቸው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። «እማዬ፣ ልምምድ ልሂድ?» ይላሉ። ልምምዱ የእግር ኳስ ነው።

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ እናትን ያስጨንቃታል። ወንዱ ልጅ ኳስ ይዞ ሲወጣ «በጊዜ ተመለስ» ከመባል በቀር የሚጠይቀው የለም። ሴቷ ስትጠይቅ ግን ውኃውን ማን ይቀዳል፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል፣ ታናናሾቿንስ ማን ይጠብቃል የሚለው ሁሉ አብሮ ይነሣል። (ይህን ገጽ አባቶችም ቢያነቡት ደግ ነበር።)

እናት «አይሆንም» የምትለው ክፉ ስለሆነች አይደለም። ሦስት ነገር ስለምትፈራ ነው። ልጂቱ ትምህርቷን ትተዋለች ብላ ትፈራለች፤ እግሯ ይሰበራል ብላ ትፈራለች፤ ነገ ትዳር ስትይዝ መውለድ ያስቸግራታል ብላም ትፈራለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በግልጽ ትናገራቸዋለች። ሦስተኛውን ግን ቡና ሲፈላ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ካልሆነ አታወራውም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ በሹክሹክታ ስለሚነገረው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ አካሏ። ኳስ መጫወት ማሕፀንን አያበላሽም፤ መሮጥና መዝለልም ሴትን መካን አያደርጋትም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል። ይህ የሚሆነው በኳሱ ምክንያት ሳይሆን ምግቡ ለድካሙ ስላልበቃ ነው። ስለዚህ ልምምድ የምትሄድ ልጅ ቁርሷን ሳትበላ ከቤት አትውጣ፤ ከልምምድ ስትመለስም የሚቀመስ ነገር ይቆያት። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ያህል ከቀረ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንጂ ዝም ማለት አይገባም። አጥንቷንም የሚያደክመው ይኸው ችግር ነው።

ስለ አካል ይህን ካልን በኋላ የሚቀረው ጉዳይ የሥራ ጉዳይ ነው። ልጂቱ አድጋ ክለብ ቢቀጥራት፣ ደመወዝ ብትቀበል፣ ኋላም አግብታ ብትፀንስ፣ ደመወዟን ማን ይከፍላታል? ከወለደች በኋላስ ቦታዋን ታገኘዋለች? ይህ ጥያቄ የእኛ አገር እናቶች ብቻ ጥያቄ አይደለም። በአውሮፓ የታወቁት የሴቶች ክለቦችም ገና በቅርቡ የተከራከሩበት ነው። ክርክሩ ውሳኔ ያገኘው ደግሞ የሴቶች እግር ኳስ ከመቼውም የበለጠ ተመልካች ባየበት በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ነበር። ያንን ዘመን እስቲ አብረን እንመልከተው።

በአውሮፓ በየአገሩ የሊግ ሻምፒዮን የሆኑ የሴቶች ክለቦች፣ ከትላልቆቹም አገሮች ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ጭምር፣ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ውድድር የሴቶች ሻምፒዮኖች ሊግ ይባላል። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የጀርመኑ የፍራንክፈርት ክለብ ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከ2009 ጀምሮ ነው። የምናወራለት የውድድር ዘመን እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 የተካሄደው ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከሞላ ጎደል በ2014 ዓ.ም. ውስጥ የሚያርፍ ነው። 16 ክለቦች በአራት ምድብ ተከፍለው የተጫወቱትም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የምድቡ ጨዋታ የተጀመረው በመስከረም ማብቂያ ገደማ ሲሆን ያለቀው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ለጅማና ለአካባቢዋ ይህ ወቅት ምን እንደሆነ አስረዱ ብትባሉ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት፣ ከቤት ያለ እጅ ሁሉ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። እዚያ የአንዲት ተጫዋች ሥራ ኳስ ብቻ በሚሆንበት በዚያው ሳምንት እዚህ ኳስ የምትወድ ልጅ ቅርጫት ይዛ ወደ ለቀማ ትሄዳለች። አሠልጣኞች ልጂቱ ለሁለት ወር ከልምምድ ስለቀረች ሰንፋለች ብለው ባይፈርዱባት እንወዳለን።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። መጋቢት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. የስፔኑ ባርሴሎና ከሪያል ማድሪድ ጋር በካምፕ ኑ ሜዳ ሲጋጠም 91,553 ሰው ገብቶ ተመለከተ። ባርሴሎና 5 ለ 2 አሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን፣ ባርሴሎና የጀርመኑን ዎልፍስቡርግ 5 ለ 1 ሲረታ ደግሞ የተመልካቹ ቁጥር 91,648 ደረሰ። ቀኑ ለእኛ የስቅለት ዕለት ነበር፤ ለእስላም ወገኖቻችንም የረመዳን ዓርብ ነበርና በጅማ ጾመኛ ያልሆነ ቤት አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዚያ ምሽት ወደ 92 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሴቶች ሲጫወቱ ለማየት ትኬት ቆርጦ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የፍጻሜው ጨዋታ ግንቦት 13 ቀን በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ተደረገ። የፈረንሳዩ ሊዮን ባርሴሎናን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ለስምንተኛ ጊዜ ወሰደ። ግቦቹን ያስቆጠሩት አማንዲን ኦንሪ፣ አዳ ሄገርበርግና ካታሪና ማካሪዮ ናቸው፤ ለባርሴሎና አሌክሲያ ፑቴያስ አንድ አግብታለች። አዳ ሄገርበርግ ጉልበቷ ተጎድቶ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃያ ወር በላይ ከሜዳ ርቃ የቆየች ኖርዌያዊት ናት። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴቶች ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ይልቅ በብዛት የሚደርስ አደጋ ነው። እሷን ክለቧ ሃያ ወር ሙሉ ባያስታምማትና ባይጠብቃት ኖሮ በዚያ ምሽት ግብ የምታስቆጥር አዳ አትኖርም ነበር። «እግሯ ይሰበራል» ብላ የምትፈራ እናት ልትጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። ከተሰበረስ ማን ያሳክማታል? ተኝታ ሳለችስ ማን ይከፍላታል?

ነገር ግን በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚስበው የሌላይቱ የሊዮን ተጫዋች ነገር ነው። ሣራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ትባላለች። የአይስላንድ ተወላጅ፣ የአገሯም ብሔራዊ ቡድን አምበል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዎልፍስቡርግ ወደ ሊዮን ተዛውራ በነሐሴ ወር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በቀድሞ ክለቧ ላይ የመጨረሻዋን ግብ አስቆጥራ ሊዮን 3 ለ 1 እንዲያሸንፍ ረድታለች። ክለቡ ከዚህ በላይ ከአንዲት ተጫዋች ምን ይፈልጋል?

በ2021 ሣራ ፀነሰች። ከክለቧ ጋር ተነጋግራ እርግዝናዋን በአገሯ ለማሳለፍ ወደ አይስላንድ ሄደች። ደመወዟ በሚገባት መጠን ሳይላክላት ቀረ። የደረሳት ከማኅበራዊ ዋስትና የሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር። በኅዳር ወር ወንድ ልጅ ተገላገለች። በጥር 2022 ወደ ሊዮን ተመልሳ ልምምድ ጀመረች፤ ክለቡ በቱሪን ዋንጫውን ሲያነሣም የቡድኑ አባል ነበረች። ሆኖም ከሕፃን ልጇ ጋር ከቡድኑ ጋር ለመጓዝ እንደተከለከለች በኋላ ራሷ በጻፈችው ታሪኳ ገልጻለች።

ሣራ ዝም አላለችም። የተጫዋቾችን የዓለም ማኅበር እርዳታ ጠይቃ ጉዳይዋን ለዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ለፊፋ አቀረበች። ክለቡ በበኩሉ የፈረንሳይን ሕግ ተከትያለሁ ሲል ተከራከረ። የፊፋ የክርክር ሰሚ አካል ጉዳዩን መርምሮ በግንቦት 2022፣ ማለትም ሊዮን ዋንጫውን ባነሣበት በዚያው ወር፣ ክለቡ ከ82,000 ዩሮ በላይ ውዝፍ ደመወዝ ከነወለዱ እንዲከፍላት ወሰነ። ውሳኔው ለሕዝብ የታወቀው በጥር 2023 ነው።

እዚህ ላይ ሣራን ያዳናት ዝናዋ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ዝና እንደረዳት አይካድም። ይሁን እንጂ ክርክሩን ያሸነፈችው በጽሑፍ የሰፈረ ውልና በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ስለነበራት ነው። ደንቡን ፊፋ ያወጣው ብዙም ሳይቆይ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ደንብ፣ አንዲት ክለብ የቀጠራት ተጫዋች ስትወልድ ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ እንድታገኝ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሳምንት ከወሊድ በኋላ እንዲሆን፣ በፈቃዱም ጊዜ ከደመወዟ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እንዲከፈላት ያዝዛል። የአገሯ ሕግ ከዚህ የተሻለ የሚሰጥ ከሆነ የተሻለው ይሠራላታል። በእርግዝናዋ ምክንያት ውሏን ያፈረሰ ክለብ ካሣ ይከፍላል፤ ተጨማሪ ቅጣትም ይጠብቀዋል። በእርግዝናዋ ወራት ሐኪም እስከፈቀደላት ድረስ ልምምዷን የመቀጠል መብት አላት። ከወለደች በኋላ ክለቡ ወደ ሥራዋ እንዲመልሳትና ልጇን የምታጠባበት ወይም ጡቷን የምታልብበት ሁኔታ እንዲያመቻችላት ይገደዳል። ይህ ሁሉ በ2024 ተሻሽሎ ልጅ በማደጎ ለምታሳድግ ተጫዋችም የሚሆን ፈቃድ ተጨምሮበታል።

እርግጥ ሁሉም ክለብ ሣራ የገጠማትን ዓይነት አይደለም። በዚያው የውድድር ዘመን የእንግሊዙ የቼልሲ ክለብ አማካይ የነበረችው ጀርመናዊቷ ሜላኒ ሎይፖልትስ ማርገዟን አስታወቀች። ወልዳም ወደ ቡድኗ ተመልሳ ተጫውታለች።

የወሊድ ደንብ የመሰለ ተራ ነገር እስከ 2021 ድረስ ለምን ዘገየ? መልሱን ለማግኘት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ወደ ግንባር ሲዘምቱ በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ ዲክ ኬር በተባለ ፋብሪካ ውስጥ ጥይት የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ወዛደር ሴቶች በምሳ ዕረፍታቸው ኳስ መጫወት ጀመሩ፤ ቡድን አቋቋሙ፤ ለቁስለኞች የሚሆን ገንዘብ እያሰባሰቡም ይጫወቱ ነበር። ታኅሣሥ 1920 እ.ኤ.አ. በሊቨርፑል ከተማ ሲጫወቱ 53,000 ሰው ገባ፤ ቦታ አጥቶ የተመለሰውም በሺህ የሚቆጠር ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይስማማትም ብሎ ክለቦቹ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። የምዕራብ ጀርመንም ማኅበር ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ጥሎ ነበር። ያን ጊዜ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሴት አካል ለልጅ መውለጃ የተፈጠረ ነውና ይጎዳል የሚል ነበር። በቡና መሐል በሹክሹክታ የሚወራው ነገር እንግዲህ የእኛ አገር እናቶች የፈጠሩት አይደለም። በትልልቅ የአውሮፓ ቢሮዎችም ተጽፎና ማኅተም ተመትቶበት የወጣ ነው።

ሜዳ የተከለከለች ሴት ክለብ አይኖራትም፤ ክለብ የሌላት ውል የላትም፤ ውል የሌላት ደግሞ ስለ ወሊድ ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው አታገኝም። መዘግየቱ ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬም ቢሆን ልዩነቱ ገና ሰፊ ነው። በ2014ቱ የውድድር ዘመን የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ለሴቶቹ ሻምፒዮኖች ሊግ ያከፋፈለው 24 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን በዚያው ዓመት ለወንዶቹ ውድድር የተከፋፈለው ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጅማ ኳስ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ጅማ አባ ጅፋር የተባለው የወንዶች ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖ ከተማዋ እንዴት እንደተደሰተች የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን ሉሲም እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥቷል። ይህን ግን ሲያወራ የምንሰማው ሰው ጥቂት ነው።

ከሴቶቹ ተጫዋቾች ስሟ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሎዛ አበራ ናት። በከምባታ በዱራሜ ከተማ ተወልዳ በሐዋሳ፣ በደደቢትና በአዳማ ከተማ ክለቦች ተጫውታለች። በ2012 ዓ.ም. ወደ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ ፈረመች። ማልታ በሜዲቴራንያን ባሕር ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ትንሽ ብትሆንም የሊጓ ሻምፒዮን ከላይ ወደ ተናገርንለት የአውሮፓ ውድድር ማጣሪያ የመግባት መብት አለው። ሎዛ በዚያ ዓመት ክለቧ የሊጉን ዋንጫ ሲያገኝ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆናለች። ኋላም ወደ አገሯ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ክለብ ፈርማለች።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም የአውሮፓውን የመሰለ የሴቶች ሻምፒዮኖች ሊግ እ.ኤ.አ. በ2021 ጀምሯል። ወደዚያ ለመድረስ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች አስቀድመው ማጣሪያ ይጫወታሉ። ንግድ ባንክ በመጀመሪያው ዓመት በኬንያ በተደረገው ማጣሪያ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በኡጋንዳ በተደረገው ደግሞ በፍጻሜው በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። ሁለት ጊዜ ከደጃፉ ተመለሰ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ማጣሪያው በአዲስ አበባ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ሲደረግ ግን የኬንያውን የፖሊስ ክለብ በፍጻሜው አሸንፎ አለፈ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሞሮኮ በተካሄደው ዋናው ውድድር ከምድቡ ለማለፍ ባይችልም ከአፍሪካ ስምንት ክለቦች አንዱ ሆኖ ተሰልፏል።

ይህን የምንነግራችሁ ልጃችሁ ነገ ሎዛን ትሆናለች ለማለት አይደለም። ከብዙ ሺህ አንዷ ናት እንደዚያ የምትሆነው። ነገር ግን ሴት ልጅ በኳስ ደመወዝተኛ የምትሆንበት በር በአገራችን መከፈቱን ማወቅ አለባችሁ። ባንክ፣ የከተማ አስተዳደርና ሌሎችም ድርጅቶች የሴቶች ቡድን ይዘዋል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ እናት «ትሂድ ወይስ አትሂድ» በሚለው ላይ ብቻ ከምትከራከር «በምን ውል ትሂድ» ወደሚለው ብትሻገር ይሻላል።

ስለ ውል ደግሞ የጅማ ሴቶችን ማስተማር አያስፈልግም። በቡና መጋዘን ተቀምጣችሁ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው የምትለዩ እህቶች፣ ሒሳቡ በቀን ወይም በኪሎ ሲሆን የቀራችሁበት ቀን እንደማይከፈላችሁ አሳምራችሁ ታውቃላችሁ። ሕፃን ታሞ ብትቀሩ፣ ወገባችሁን አሟችሁ ብትቀሩ፣ ሆዳችሁ ገፍቶ መቀመጥ ቢያቅታችሁ ገንዘቡ ይቀራል። ያለ ውል በክለብ የምትጫወት ልጅም ኑሮዋ እንደዚሁ ነው። በተጫወተችበት ቀን ትራንስፖርትና ጥቂት አበል ይሰጣት ይሆናል፤ ጉልበቷ የተበጠሰ ዕለት ግን ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። በየመጋዘኑ የምታውቁትን ነገር በሜዳም ስታዩት እንዳትስቱት።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ውል ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። እርጉዝ ሳለችና ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪዋ እንዳያሰናብታት ይከለክላል። ልብ ብላችሁ ብታስተያዩት ይህ ከፊፋው 14 ሳምንት ይበልጣል፤ ደመወዙም ሙሉ ነው። በዚህ በኩል የእኛ አዋጅ ሣራ ከተከራከረችበት ደንብ የተሻለ ነው ለማለት እንችላለን። አዋጁ የሚሠራው ግን የሥራ ውል ላለው ሰው ነው። ስለዚህ ክለቡ ለልጂቱ የሚሰጣት ወረቀት የሥራ ውል መሆኑ በግልጽ መጻፉን ከሁሉ በፊት መመልከት ያስፈልጋል። «የስፖርተኛ ስምምነት» ወይም «የአበል መተማመኛ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉት። ደመወዙ በወር ነው ወይስ በጨዋታ? ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? በሰኔ ተፈርሞ በሚቀጥለው ሰኔ የሚያልቅ ውል ከሆነ በመካከል የፀነሰች ልጅ ምን ትሆናለች? ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው አስቸጋሪ እየተባለ ሲታማ እንሰማለን። ይታማ። ሣራም ሳትታማ አልቀረችም።

ገና ያልደረሰች ልጅ ስትሆን ነገሩ ይለያል። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላልና የ13 ዓመት ልጅ «አስፈርመናታል» የሚል ሰው ቢመጣ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም ብላችሁ መልሱት። ለእሷ የሚያስፈልጋት ፊርማ ሳይሆን ትምህርት ቤቷን የማይነካ የልምምድ ሰዓት፣ ቀን ሳይመሽ ወደ ቤት የሚመልሳት ሰውና ለእግሯ የሚሆን ጫማ ነው። አሠልጣኙ ማን እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ከተማ ለውድድር ሲወስዳቸው የት እንደሚያድሩና ከሴት ልጆች ጋር አብራ የምታድር ሴት ኃላፊ መኖሯን መጠየቅ የእናትም የአባትም መብት ነው። መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ካለ ልጂቱን አትላኩ።

አንዳንድ አንባብያት ደግሞ የገባች ልጅ በኋላ ማጀት አትገባም፣ ባልም አይገዛትም ሲሉ ይደመጣሉ። ስለ ባልና ስለ ማጀት በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ለአሁኑ ሣራ ልጇን ይዛ በ2022 ክረምት ከሊዮን ወጥታ ለጣሊያኑ ጁቬንቱስ እንደፈረመች፣ ያም ክለብ የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገበት የቱሪን ከተማ ክለብ እንደሆነ ብቻ እንናገራለን። ከወሊድ በኋላ የሚቀጥራት ክለብ አላጣችም።

ውሉ ሲመጣ ልጂቱ ብቻዋን እንዳትፈርም። አብራችሁ ተቀመጡ፤ ማንበብ የማይቻላችሁ ከሆነ የሚያነብላችሁ ዘመድ ወይም አስተማሪ ጥሩ። ልጂቱ ከፈረመች በኋላ የክለቡ ኃላፊ የፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ በእጃችሁ ይሁን። ያን ቅጂ ከክትባት ካርዷና ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር በሣጥን አስቀምጡት።